አባዬ፣ አንተስ?

አሜሪካ የምትኖረው እህቴ በመንገደኛ እጅ ለልጄ አንድ መጽሐፍ ላከችለት። ልጁ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከንባብ ጋር ብዙም አይዋደድም። ይህን ግን በሁለት ሌሊት ጨረሰው። ሣቁ ሳሎን ድረስ ይሰማ ስለነበር እኔም ተቀብዬ አነበብኩት።

ደራሲው ጆሽ ሰንድኩዊስት ይባላል። በዘጠኝ ዓመቱ በካንሰር የተነሣ አንድ እግሩን ያጣ፣ በኋላም በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪን ፓራሊምፒክ በበረዶ ሸርተቴ የተወዳደረ ሰው ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው አንድም ጊዜ የሴት ጓደኛ ኖራው እንደማታውቅ ይገባዋል። ከጉርምስናው ጀምሮ የተመኛቸውን ሴቶች እያፈላለገ «ምን አጥፍቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህንንም በ2014 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው።

ሐሳቡ ግሩም ነው፤ መጽሐፉ ግን ቅር አሰኘኝ። በሚኒ ጎልፍ ቀጠሮው ላይ የሰው ሠራሽ እግሩ መርገጫ ወደ ኋላ የዞረበት ቦታ እውነትም ያስቃል። ነገር ግን ታሪኩ ሊያም ሲል ቀልድ ይመጣል፤ ቀልዱ ሲያልቅ በእጅ የተሣለ ግራፍ ይከተላል። ልጁ ምን ፈርቶ እንደኖረ በግልጽ የሚነግረን ወደ መጨረሻው ነው። የሴቶቹን ስሜትማ ተዉት።

ይህንኑ ትችቴን እራት ላይ ስተነትን ልጄ አቋረጠኝ። «አባዬ፣ አንተስ? በእኔ ዕድሜ እምቢ ተብለህ ታውቃለህ?»

«እኔንማ ወረፋ ይዘው ነበር የሚጠብቁኝ!» አልኩ። ሁሉም ሣቀ። እሱም ሣቀና ሳህኑን አንሥቶ ሄደ።

እናቴ እጇን እየታጠበች «አሁን ልጁ የጠየቀህ ይህንን ነው?» አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ጽሕፈቱ የሚያምር ጓደኛዬ የጻፈልኝን ደብዳቤ ደብተሬ ውስጥ ሸጉጬ አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ ተሸክሜዋለሁ። በመጨረሻ ሰጠኋት። በማግስቱ ታላቅ ወንድሟ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ በተማሪው ፊት፣ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ለወራት በጓሮ በር ነበር የምገባው። ይህን ለባለቤቴ እንኳን ነግሬያት አላውቅም።

ያን ማታ የልጄን በር አንኳኩቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ነገርኩት። አልሣቀም። «ደብዳቤው ላይ ምን ይል ነበር?» አለኝ። የማስታውሰውን ያህል ነገርኩት።

ከዚያ ስልኩን ገለበጠና የራሱን ጀመረ። እሱን ግን አልጽፍላችሁም።