ጠጅ ነው ካልከኝ ማሩ የታለ?

እስቲ ዛሬ ስለ ጠጅ እንነጋገር። የማትጠጡ ወዳጆቼም አንብቡት፤ ነገሩ የመጠጥ ብቻ አይደለም።

ማር ተወደደ በተባለ ቁጥር «ስኳር ቢገባበትስ ምን አለበት?» የሚል ይነሳል። አንድ የቀድሞ ተማሪዬማ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ማርም ስኳርም እርሾው ጋ ሲደርሱ አንድ ናቸው ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ እንዴ?» አለኝ።

ልክ ነው፣ አስተምሬያለሁ። የገበያው ስኳር ሱክሮስ ነው፤ እርሾ ግሉኮስና ፍሩክቶስ አድርጎ ይሰነጥቀዋል። ማር ውስጥ በብዛት ያሉትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። የሚወጣው አልኮልም ያው ነው። የኔ ክርክር ግን ስለ አልኮሉ አይደለም።

መተካትን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ጠላን እዩት። አንዱ አገር በገብስ፣ ሌላው በዳጉሳ፣ እኛ ጋ በበቆሎና በማሽላ ይጠመቃል። ሁሉም ጠላ ነው፤ ምክንያቱም ብቅሉና ጌሾው አሉ። እህል ሲበቅል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይሩ ኢንዛይሞች ይፈጠሩበታል። አሻሮ ግን እሳት ያየ ነው፣ ኢንዛይሙ ሞቷል። ስለዚህ ገብሱን በበቆሎ ብትተካ ጠላ ታገኛለህ፤ ብቅሉን በአሻሮ ብትተካ ግን አታገኝም።

ውጭ አገር ቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎችም ይህንኑ ያውቃሉ። እንደ ሽሮፕ የወፈረ የብቅል ጭማቂ ገዝተው ነው የሚጠምቁት። ጥቁሩ ሲጠፋ ነጩን ወስደው የተቆላ ገብስ ይጨምሩበታል፤ ቢራው ቢራ ይሆናል። ብቅሉን ትተው በስኳር ከሞሉት ግን የሚያሰክር፣ ውሃ ውሃ የሚል ነገር ይወጣል።

ስኳርም በራሱ ነውር የለበትም። ቀሪቦ በተቆላ ገብስና በስኳር አይደል እንዴ የሚሠራው? ሙስሊሙም፣ አልኮል የማይነካው ክርስቲያንም ቤት ይጠጣል። «ጠላ ነው» ብሎ ያቀረበ ግን አላየሁም። የራሱ ስም አለው፣ በስሙ ይጠጣል። በቃ።

ጠጅ ማለት ግን ማር፣ ውሃና ጌሾ ነው። ማሩን አውጥተህ፣ ስኳር ሞልተህ፣ ቢጫ ቀለም ጠብ አድርገህ በብርሌ ስታቀርብልኝ የቀየርከው ውስጡን ብቻ ነው። ስሙና ዋጋው እንዳሉ ናቸው። ይሄ መተካት አይባልም፣ ማታለል ነው።

ማንን ይጎዳል? ጠጪውን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጌራና ሲግሞ ጫካ ውስጥ ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ የሚሰቅለውን፣ በሌሊት በጭስ ማር የሚቆርጠውን ገበሬ ይጎዳል። ለዚያ ገበሬ ዛፉን ላለመቁረጥ አንዱ ምክንያት ማሩ ነው። በዛፉ ጥላ ሥር ያለው ደግሞ ቡናችን ነው። እውነተኛ ማር ገዝታ ጠጅ የምትጥለዋም ሴት ትጎዳለች። ስኳሩን በማር ስም ከሚሸጠው ጋር በምን ዋጋ ትወዳደር?

እስቲ አስቡት፤ አንዱ የተቆላ ገብስ ፈጭቶ ቡና ላይ ደባልቆ «ንጹሕ የሊሙ ቡና» ብሎ አጋሮ ላይ ቢሸጥ ዝም ትሉታላችሁ? አገር ይቀወጣል! ታዲያ ቡናችን ላይ የምንጮኸው ሰዎች ማራችን ላይ ምነው አፋችን ተለጎመ?

«ደሃውስ ምን ያድርግ? እሱም ሠርግ አለው» ትሉኛላችሁ። እኔም የመምህር ደመወዝ ነው የምበላው፣ የማር ዋጋ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። የስኳር ጠጅ ጣል፤ ግን «የስኳር ጠጅ ነው» በል፣ ዋጋውንም በልኩ አድርግ። ግማሽ በግማሽ ከሆነም ግማሽ በግማሽ ነው በል። ሠርግህ ላይ ጠጥቼ መርቄህ እሄዳለሁ።

ባቫሪያ እ.ኤ.አ. በ1516 ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ በቀር በሌላ እንዳይጠመቅ በአዋጅ ከልክላ ነበር። እኔ አዋጅ አልጠየቅሁም። የምጠይቀው ስሙን እንዳንዋሽ ብቻ ነው።

ቀጣይ ብርሌ ስታነሱ «ማሩ ከየት ነው?» በሉ። ማር ያስገባው ሰው ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ሳይቀር በኩራት ይነግራችኋል። ስኳር ያስገባው ወሬ ይቀይራል።

የማትስማሙ ኮሜንት ላይ እንከራከር። ስድብ ግን አጠፋለሁ።