አማርኛ የማይሰማ ጆሮ በምን ዋጋ ይገዛል?

የሰው ድምፅ ከአፍ ወጥቶ እንደ ነፋስ አልፎ መቅረቱ ቀርቶ፥ በመሣሪያ ተይዞ ከአገር ወደ አገር መጓዝ ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ነገሩ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፃቸውን በሰም ላይ አስቀርጸው ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላኩ፤ በተከታዩም ዓመት ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ መልሳቸውን በአማርኛ ተናግረው በዚያው ዓይነት መሣሪያ ወደ ለንደን ሰደዱ። ሰሙ ቋንቋ አልመረጠም፤ እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም እንደ ተነገረው ተቀብሎ አደረሰ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም፥ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ዜማቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ሸክላውም እንደ ሰሙ የተሰጠውን ተቀበለ እንጂ «ይህን ቋንቋ አላውቅም» አላለም።

ዛሬ ግን «ስማርት ስፒከር» የተባለ፥ በአንድ በኩል አፍ በሌላ በኩል ጆሮ ያለው ዕቃ ተነሥቷል። አማዞን በ2014፥ ጉግል በ2016፥ አፕል በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለሽያጭ ያቀረቡት ይህ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ባለቤቱ በስሙ ሲጠራው ይነቃል፤ ዜማ አሰማ ሲሉት ያሰማል፤ ሰዓቱንና የአየሩን ጠባይ ሲጠይቁት ይመልሳል። ወደ አዲስ አበባም ከውጭ አገር በሚመጡ ዘመዶች ሻንጣ ውስጥ እየሆነ ይገባል። እንግዲህ በጉለሌ በኩል በእንጦጦ ተራራ ሥር ቤት ያለው፥ ማታ ከሥራው ተመልሶ መዝሙርና ዜና መስማት የሚወድ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ይኖራል ቢባል፥ ለዚህ ዕቃ ገንዘቡን ቢያወጣ ይገባዋልን? ወይስ አይገባውም?

ዋጋው ቀላል አይደለም። በ2023 አፕል ሁለተኛውን ሆምፖድ በ299 ዶላር፥ ሶኖስ ደግሞ «ኢራ 300» የተባለውን በ449 ዶላር ለገበያ አቅርበዋል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና አንዱ ዶላር ከመቶ ብር በላይ ከሆነ ወዲህ፥ ከሁለቱ የሚያንሰው እንኳ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታሰብ ከሠላሳ ሺህ ብር ያልፋል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፍል ሰው የሚገዛው ምን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ አለበት። አፉና ጆሮው አንድ ሣጥን ውስጥ ይሁኑ እንጂ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አፉ በእውነት መልካም ነው፤ ይህንንም መካድ ተገቢ አይሆንም። ዝቅተኛ ድምፅ ብዙ አየር ካልገፋ አይሰማም፤ ብዙ አየር ለመግፋትም ሰፊና ብርቱ የድምፅ ቆዳ ያስፈልጋል። የእጅ ስልክ ያለችው አፍ ከጣት ጥፍር ብዙ ስለማትበልጥ፥ በገና በስልክ ሲሰማ የሚቀረው ንዝረቱ ብቻ ነው። በገና 10 አውታር ያለው ሲሆን፥ ያ ልብን የሚነካው ድምፁ የሚገኘው በአውታሩና በመቀመጫው መካከል ከምትገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው። አውታሩ ቆዳዋን እየነካ ሲያንዘፈዝፋት ከታች ወፍራሙ ድምፅ፥ ከላይ ደግሞ ንዝረቱ አብረው ይወጣሉ። ስልኩ የላይኛውን ያሰማል፥ የታችኛውን ይጥላል። በበገና ደርዳሪነታቸው ስመ ጥር የሆኑት የዓለሙ አጋ ሥራ «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፈረንሳይ የሙዚቃ ስብስብ 11ኛው ክፍል ሆኖ ወጥቷል፤ ያንን በስልክ የሰማና በመልካም ስፒከር የሰማ ሰው አንድ ነገር ሰምተዋል ለማለት ያስቸግራል። የከበሮም ነገር እንዲሁ ነው። ሰፊው አፉ ሲመታ የሚወጣው ድምፅ ከጆሮ ይልቅ በደረት የሚሰማ ስለ ሆነ፥ በትንሽ ዕቃ ሲመጣ ጣት ሣጥን እንደሚቆረቁር ይሆናል።

በእንጦጦ ደግሞ የቤቱም ጠባይ ይታሰባል። ተራራው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ ምሽቱ ብርዳም ነው፤ ሰውም በጊዜ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። በክረምት ዝናሙ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፥ ኮርኒስ በሌለው ቤት ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ለመነጋገር እንኳ መጮኽ ይኖርባቸዋል። እንዲህ ባለው ሰዓት ደካማ ስፒከር ከንቱ ነው፤ ብርቱውም ቢሆን ዝናሙን ለማሸነፍ ከፍ ሲደረግ ጎረቤት ያስቸግራል። ስለዚህ ለአንዳንዱ ቤት ከስፒከሩ አስቀድሞ ኮርኒሱን ማሠራት ለመስማት የበለጠ ይጠቅማል፤ ሻጮች ይህን አይናገሩም።

አሁን ወደ ጆሮው እንምጣ ቢባል፥ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የአሌክሳም፥ የሲሪም፥ የጉግል ስፒከርም ጆሮ ከሚሰማቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የለም። ባለቤቱ በገዛ ቤቱ፥ ከልጆቹ ፊት፥ ዕቃውን ለማዘዝ እንግሊዝኛ መናገር ግዴታው ነው። እንግሊዝኛ አሳምሮ ቢያውቅ እንኳ የሚጠይቀው ዜማ የአገሩ ስለ ሆነ ስሙን ማጣመም ይኖርበታል። ዕቃው ጠን ከተ፥ ቀን ከከ፥ ጸን ከሰ አይለይም፤ ጥላሁን ገሠሠን ለመስማት የሚሻ ሰው «ቲላሁን» እያለ ምላሱን ማላላት አለበት። ያም ሆኖ የዘፋኙ ስም በላቲን ፊደል በሁለትና በሦስት ዓይነት ተጽፎ ስለሚገኝ፥ አንዱን ሲጠሩ ሌላው ይመጣል። ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውንማ፥ «አለ» ሲባል ተናገረ ማለት ይሁን ወይስ ኖረ ማለት ይሁን የሚለየውንማ፥ ከዚህ ጆሮ መጠበቅ የዋህነት ነው።

የሚያስገርመው ጉግል በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በስልክ ላይ በአማርኛ የተናገሩትን ወደ ጽሕፈት የሚለውጥ አገልግሎት መጀመሩ ነው። በኪስ ያለው ርካሽ ስልክ አማርኛ ሲሰማ፥ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ውድ ስፒከር አይሰማም። እንግዲህ ይህ የጥበብ ማነስ አይደለም፤ ገበያው አልታየንም የማለት ነገር ነው።

ጆሮው ራሱ በዋጋ ብዙ አይደለም። ሶኖስ በ2019 አንድ ዓይነቱን ስፒከር ጆሮ ያለውን በ199፥ ጆሮ የሌለውን በ179 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ልዩነቱ 20 ዶላር ነው። ሌላው ዋጋ ግን በገንዘብ የሚቈጠር አይደለም።

ንግሥት ቪክቶሪያ ያን በሰም የተቀረጸ ድምፃቸውን ወደ ኢትዮጵያ ሲልኩ፥ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ አዝዘው ነበር፤ ተፈጽሟልም። የአንድ ሰው ድምፅ በሌላ እጅ መቅረቱ ምን እንደ ሆነ መሣሪያው ገና አዲስ ሳለ ተገንዝበውት ነበር ማለት ነው። የዛሬው ስፒከር ግን የሰማውን በሩቅ አገር ወደ ተቀመጠው የድርጅቱ መዝገብ ይልካል። በሥርዓቱ ሳይጠራ አይልክም፤ ስሙን ብቻ እየጠበቀ ይቀመጣል። ነገር ግን ሳይጠራ የተጠራ መስሎት የሚነቃበት ጊዜ አለ። በ2018 በአሜሪካ በፖርትላንድ ከተማ አንዱ ዕቃ የባልና የሚስት ጭውውት ቀርጾ ሳያውቁት ለሚያውቁት ሰው ልኮባቸዋል፤ አማዞንም መሆኑን አምኗል። በ2023 ይኸው ድርጅት የሕፃናትን ድምፅ ያላግባብ አቈይቷል ተብሎ በአሜሪካ መንግሥት ተከሶ 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከመጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ፥ በአንዳንዶቹ ዕቃዎቹ ላይ ድምፁ ወደ ድርጅቱ ሳይላክ እንዲቀር ያስችል የነበረውን ምርጫ አስቀርቷል። እዚህ ላይ «አሌክሳ» የሚለው ጥሪ «አለቃ» ከሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚቀራረብ ልብ ይሏል። አለቃ የሚለው ስም በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነሣ በደብርም በመሥሪያ ቤትም ያለ ሰው ያውቀዋል፤ ጆሮው አማርኛ የማያውቅ ዕቃ በዚያ መካከል ሊሳሳት እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ነገሩ የሚመለከተው ባለቤቱን ብቻ አይደለም። የንስሐ አባት ወደ ንስሐ ልጃቸው ቤት ይመጣሉ፤ ጠበል ይረጫሉ፤ ቤተሰቡ ወጣ ብሎላቸው ከአንዱ ጋር ለብቻቸው ይነጋገራሉ። በዚያ ጊዜ በመደርደሪያው ላይ የተቀመጠው ዕቃ ምን እንደ ሆነ ካህኑ አያውቁም፤ ቤተሰቡም መዝሙር ማሰሚያ ነው ብሎ ረስቶታል። የመንግሥት ሹምም ማታ በስልክ ስለ ሥራው ይነጋገራል፤ በጠረጴዛው ላይ ያለውን መዝገብ ቈልፎ የሚያስቀምጥ ሰው፥ ስለ መዝገቡ የተናገረውን የሚሰማ ጆሮ በአጠገቡ ማኖሩ አይጣጣምም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ፥ የሰው መረጃ እንደ ንብረት ሊከበር እንደሚገባው በሕግ ታውቋል፤ አዋጁን የሚያስፈጽሙት ሰዎች በገዛ ሳሎናቸው ቢዘነጉት የሚያሳዝን ነው።

ጥቂት ስለ ሌላውም ወጪ መናገር ያስፈልጋል። ዕቃው ያለ ኢንተርኔት ደንቆሮ ነው፤ ያለ መብራትም ድዳ ነው። በመካከለኛ ጥራት አንድ ሰዓት ዜማ ለመስማት 72 ሜጋባይት ያህል ይሄዳል፤ በቀን ሦስት ሰዓት የሚሰማ ቤት በወር ስድስት ጊጋባይት ተኩል ያህል ይከፍላል ማለት ነው። ሆምፖድን ለማቋቋም የአፕል ስልክ ወይም የአፕል ሰሌዳ ያሻል፤ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳም የለው፥ ከሌላ ስልክ በብሉቱዝም ድምፅ አይቀበልም። ጉግል በ2017 በ399 ዶላር ያወጣውን ትልቁን ስፒከር በ2020 መሥራት አቁሟል። የሶኖስም ባለቤቶች በግንቦት 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የስልኩ ማዘዣ ሲለወጥባቸው፥ ትናንት ይሠራ የነበረው ዕቃቸው ከነሙሉ አካሉ አስቸግሯቸዋል፤ ድርጅቱ ይቅርታ ጠይቆ፥ ዋና ሥራ አስኪያጁም በጥር 2025 ከሥራቸው ለቀዋል። አንድ አሮጌ ሬዲዮ ግን የሠራው ድርጅት ቢዘጋም ባትሪ እስካለው ድረስ ዜናውን ያሰማል።

ይህ ሁሉ ሲባል ለጆሮው የሚከራከር ሰው ምንም ምክንያት የለውም ማለት አይደለም። ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ እናት፥ ዓይናቸው የጠፋ አዛውንት፥ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ መነኩሴ፥ በቃል ብቻ ታዞ የሚያገለግል ዕቃ ቢያገኙ ከማንም ይልቅ ይጠቀሙበት ነበር። የስልኩን መስተዋት በጣት መነካካት ለእነርሱ ከባድ ነው፤ «የዛሬውን ስንክሳር አሰማኝ» ማለት ግን ቀላል ነው። ዕቃው የማይሰማቸውም እነርሱን ነው። እንግሊዝኛ የሚያውቀው ልጃቸው ጆሮው ሳያስፈልገው ጆሮ ያገኛል፤ የሚያስፈልጋቸው እናቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው «ምን አለ?» እያሉ ልጃቸውን ይጠይቃሉ። ይህን ጕድለት ሸማቹ በገንዘቡ አይሞላውም። የአማርኛ ድምፅ በብዛት ተሰብስቦ፥ የጎጃሙም የሸዋውም የወሎውም አነጋገር ተመዝግቦ፥ ለሚሠሩት ሰዎች እንዲቀርብ ማድረግ የዩኒቨርሲቲዎችና የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሥራ ነው፤ ሥራውም በተናጋሪዎቹ ፈቃድ ሊሆን ይገባል።

እስከዚያው ድረስ በእንጦጦ ሥር ያለው ሰው ገንዘቡን ለአፉ ቢያወጣ፥ ስለ ጆሮው ምንም ባይከፍል ይሻለዋል። በብሉቱዝም በገመድም ከማናቸውም ስልክ ድምፅ የሚቀበል፥ ሰፋ ያለ ስፒከር ለበገናውም ለከበሮውም ይበቃል፤ ዜማውን ስልኩ ያመጣለታል፥ ስልኩ ላይ አስቀድሞ ካወረደውም ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ጆሮ ያለው ዕቃ ከዘመድ በስጦታ የመጣለት እንደ ሆነ መመለስ ነውር ስለ ሆነ ይቀበል፤ ነገር ግን የሚበዙት ዕቃዎች ጆሮውን የሚዘጋ ቍልፍ ስላላቸው ቍልፉን ይዝጋው፤ ሆምፖድ ከሆነም በስልኩ በኩል ሲሪን ያጥፋት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፥ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ስለ ሆነም፥ ከመሰካቱ በፊት በግርጌው የተጻፈውን ይመልከት። በሱቅ የሚገዛ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ሻጩን በአማርኛ ዕቃውን አንድ መዝሙር እንዲያዝዝለት ይለምነው፤ ከዚያም የበገና ዜማ ያሰማውና ወፍራሙ ድምፅ ከታች ወጥቶ እንደ ሆነ ጆሮውን አቅርቦ ይስማ።