መጽሐፍ መግለጥ ሃይማኖት መለወጥ አይደለም

በወልቂጤና በቡታጅራ፥ እንደ ሌሎቹም የኢትዮጵያ ከተሞች፥ አንድ የማይገባ ሐሜት ይሰማል። የኦርቶዶክስ ልጅ ከጓዳው ገብቶ፥ ደጁን ዘግቶ፥ የአማርኛውን ወንጌል ሲያነብና እያለቀሰ ሲጸልይ የተገኘ እንደ ሆነ፥ «ይህስ ጴንጤ ሆኗል» ይባልበታል። ሙስሊሙ ጎረቤቱ በሱቁ ውስጥ መስገጃውን ዘርግቶ ሲሰግድ የሚደነቅ የለም፤ ክርስቲያኑ ሲጸልይ ግን ይደነቁበታል። የጸሎት መጽሐፍ ከገለጠ ብዙ ዘመን ያለፈው ሰው ደግሞ፥ ማተብ ስላሰረና ለመስቀል ከአዲስ አበባ ወደ አገሩ ወርዶ ከዘመዶቹ ጋራ ክትፎ ስለ በላ ብቻ፥ ሃይማኖቱን የሚጠይቀው አይገኝም። የሚጸልየው ተከሳሽ፥ የማይጸልየው ዳኛ ሆነ፤ ከዚህ የባሰ ፍርደ ገምድልነት ከወዴት ይገኛል?

የዚህ ሐሜት ሥሩ አንድ የሐሰት ወሬ ነው፤ ይኸውም መጽሐፍ ቅዱስን በቤት ማንበብና በራስ ቃል መጸለይ የፕሮቴስታንቶች ርስት ነው ማለት ነው። ይህን ወሬ አንዳንድ ፕሮቴስታንቶች በኩራት፥ አንዳንድ ኦርቶዶክሶችም በፍርሃት ይቀባበሉታል፤ ሁለቱም ግን ታሪክን አልመረመሩም።

እርግጥ ነው፤ ማርቲን ሉተር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1522 ዓ.ም. ሐዲስ ኪዳንን በጀርመንኛ አሳተመ፤ በ1529 አባት ቤተ ሰቡን የሚያስተምርበትን ትንሹን ካቴኪዝም አወጣ፤ በ1534ም መላው መጽሐፍ ቅዱስ ታተመለት። ሥራው ታላቅ ነው። ዳሩ ግን በ1555 በአውግስቡርግ በተደረገው ውል የየግዛቱ ሃይማኖት እንደ ገዢው ሃይማኖት እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያ ወዲያ ብዙው ሰው ሉተራዊ የሚባለው ስለ ጸሎቱ ሳይሆን ስለ ተወለደበት ግዛት ሆነ። በ1675 ፊሊፕ ያኮብ ሽፔነር የተባለው የራሳቸው መምህር፥ ስሙ ሳለ ሕይወቱ እንደ ደከመ ገልጦ ጻፈ፤ ምእመናንም ተሰብስበው ቃሉን እንዲመረምሩ መከረ። እንግዲህ ሃይማኖት የሰፈር ምልክት በሆነ ጊዜ የሚደርቀው የኦርቶዶክሱ ጸሎት ብቻ አይደለም፤ የፕሮቴስታንቱም ይደርቃል።

ኢትዮጵያስ? ሚሲዮናውያን ሳይመጡ ተማሪው ከፊደል ወደ መልእክተ ዮሐንስ፥ ከዚያም ወደ ወንጌልና ወደ ዳዊት ይሻገር ነበር፤ ካህን ያልሆነ ጨዋ እንኳ ዳዊቱን በማኅደሩ አንግቶ መንገድ ይሄድ ነበር። የሉተር መጽሐፍ ቅዱስ በታተመበት በዚያው በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ደርሶ ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋራ ስለ ሃይማኖት ተነጋገረ፤ ሉተርም በምሥጢረ ሥላሴ አንድ መሆናቸውን አይቶ የምስክር ደብዳቤ ሰጠው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ሄደው ለሂዮብ ሉዶልፍ የግዕዝና የአማርኛ መምህር ሆኑት። መላውን መጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ ወደ አማርኛ የመለሰውም ሚሲዮናዊ አልነበረም፤ በካይሮ ተቀምጦ ዐሥር ዓመት ያህል የደከመው ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አቡ ሩሚ ነው። የእንግሊዞች የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ድካሙን ገዝቶ ወንጌላቱን በ1824፥ መላውን በ1840 አሳተመ። ማተሚያው የፕሮቴስታንት ነበር፤ ቃሉ ግን ከመነኩሴው ብዕር የወጣ ነው። የመነኩሴውን ልጆች ስለ አባታቸው መጽሐፍ «መናፍቅ» ማለት ርስትን ለባዕድ መፈረም ነው።

«ብቻውን የሚያነብ ይስታል» የሚሉ ካህናት አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ ሊቃውንት አንድምታን ያቈዩት ስለዚህ ነው። ነገር ግን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እንደ ተጻፈ፥ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ባገኘው ጊዜ መጽሐፉን አልነጠቀውም፤ ወጥቶ ከአጠገቡ ተቀምጦ አስረዳው እንጂ። ያ ጃንደረባ ዛሬ በቡታጅራ ገበያ ተቀምጦ ቢያነብ፥ የሚያገኘው ፊልጶስን ነው ወይስ ሐሜተኛን? ሕዝቡ በግዕዝ የሚደግመውን ዳዊት ሳያስተውለው ቢቀር፥ ጥፋቱ የመጽሐፉ ሳይሆን ያላስተማረው መምህር ነው። የተራበ ልጅ በጎረቤት ቤት ቢበላ፥ የሚወቀሰው እንጀራ ከሌማት ሳለ ያላቀረበለት አባት ነው።

ከቡታጅራ በስተሰሜን ያለው የሶዶ ሕዝብ ራሱን «ክስታኔ» ብሎ ይጠራል፤ ክርስቲያን ማለት ነው። ከዚህ የከበረ ስም የለም። አባት ግን ስሙን ለልጁ ያወርሰዋል እንጂ ጸሎቱን ሊያወርሰው አይችልም፤ ልጁ ራሱ መጸለይ አለበት። ስለዚህ የንስሐ አባት ወደ ምእመኑ ቤት በገባ ጊዜ፥ «ልጁ ከማን ጋራ ዋለ?» ብሎ ሳይጠይቅ አስቀድሞ «በዚህ ቤት ምን ይነበባል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ተቀምጦም ከልጁ ጋራ ያንብብ። በጓዳው መጽሐፍ የገለጠውን ልጅ በሐሜት የሚያባርር ማኅበር፥ ነገ ሌላው ሰበሰበብኝ ብሎ ሊያለቅስ አይገባውም።