የማይተያዩ ሰዎች ደቦ

በሸቤ ደቦ ምን እንደሆነ የማያውቅ ቤተሰብ የለም። ማሳ ሲታረም፣ እህል ሲሰበሰብ፣ ቤት ሲሠራ ጎረቤት ይጠራል። አማርኛው ደቦ፣ ኦሮምኛው ዳቦ ይበለው እንጂ ሕጉ አንድ ነው፦ የተጠራ ሰው በሰዓቱ ይመጣል፣ ከጎኑ ካለው ሰው እኩል ይሠራል፣ ምሳውን አብሮ ይበላል፣ ሥራው ሳያልቅ ጥሎ አይሄድም። ጥሎ የሄደውን የሚቀጣ ዳኛ የለም። ነገር ግን በሌላ ጊዜ እሱ ራሱ ደቦ ሲጠራ እነማን እንደሚቀሩ አገሩ ሁሉ ያውቃል።

እራት ተበልቶ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ግን ከዚያው ቤት ጥግ ሌላ ደቦ ይጀመራል። የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ከስድስት የማያውቃቸው ሰዎች ጋር ተሰልፎ ታንክ ይነዳል። እናቱ «ብቻውን ተቀምጦ ይጫወታል» ትላለች። ብቻውን ግን አይደለም። ስድስት ሰዎች ይጠብቁታል። አንዱ ካይሮ፣ ሌላው ዋርሶ ሊሆን ይችላል፤ ሌላኛው ደግሞ እዚያው ሸቤ ሦስት ቤት አልፎ።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ልጆችና ስለ ጌም ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ሰዓት ነው። ስንት ሰዓት ተጫወተ? መቼ ተኛ? ተገቢ ጥያቄ ነው። በዚህ ወር ግን የምንዘነጋውን ሌላ ጥያቄ እናንሳ። ልጃችን እዚያ ከማያያቸው ሰዎች ጋር ሲሰለፍ ምን ዓይነት ባልደረባ ነው?

በመጀመሪያ ጨዋታውን እንወቀው። በወታደራዊ ተሽከርካሪ ጨዋታዎች ዘንድ ስመ ጥር ከሆኑት መካከል «ወርልድ ኦፍ ታንክስ» እና «ዋር ተንደር» ይገኛሉ። ወርልድ ኦፍ ታንክስ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የኮምፒውተር ጨዋታ ሲሆን፣ በተለመደው ውጊያው 15 ሰው ከ15 ሰው ጋር ይገጥማል፤ አንዱ ውጊያ ቢበዛ 15 ደቂቃ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጣው የስልክ ታናሽ ወንድሙ «ብሊትዝ» ደግሞ 7 ለ7 ነው፤ ጊዜውም ቢበዛ 7 ደቂቃ ነው። ዋር ተንደር ታንኩን፣ አውሮፕላኑንና መርከቡን ባንድ ላይ ያመጣል።

ታንኮቹ አብዛኞቹ በእውን የነበሩ ናቸው። በንጉሡ ዘመን ጦራችን ከአሜሪካ ያገኘው ኤም 41 ታንክ በሁለቱም ጨዋታዎች ውስጥ አለ። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጡት የቲ-54 እና የቲ-55 ቤተሰብ ታንኮችም አሉ። በዘመድ መካከል በታንከኛ ክፍል ያገለገለ አዛውንት ካለ ልጁ ስልኩን ይዞ ይጠይቃቸው። «አባባ፣ ይሄን ያውቁታል?» ብሎ የሚጀመር ወሬ አንድ ምሽት ሊሞላ ይችላል።

እኚያ አዛውንት ምናልባት መጀመሪያ የሚነግሩት ስለ መድፉ ሳይሆን ስለ ሰዎቹ ነው። ኤም 41ም ሆነ ቲ-55 የሚንቀሳቀሱት በአራት ሰው ነው፦ አዛዥ፣ ተኳሽ፣ ጥይት አጉራሽና ሾፌር። አራቱ በአንዲት ጠባብ የብረት ሳጥን ውስጥ ናቸው። ሾፌሩ ካኮረፈ ተኳሹ ዒላማውን አያገኝም፤ አጉራሹ ከዘገየ አዛዡ ቢጮህ ዋጋ የለውም። በጨዋታው ውስጥ የአራቱን ሥራ የአንድ ልጅ ጣቶች ይሠሩታል። መተባበሩ ግን አልቀረም፤ ከታንኩ ውስጥ ወጥቶ በታንኮቹ መካከል ሆኗል።

እንዴት? በወርልድ ኦፍ ታንክስ አንድ ታንክ ጠላትን ማየት የሚችለው ቢበዛ እስከ 445 ሜትር ነው። ከዚያ ርቆ ያለውን የሚያውቀው ሌላው ባልደረባው አይቶ በሬዲዮ ሲያስተላልፍለት ነው። ስለዚህ ቀላሉና ፈጣኑ ታንክ ወደ ፊት ወጥቶ ይቃኛል፤ ከባዱ በወፍራም ብረቱ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ከኋላ ያደፈጠው ይተኩሳል። ቃኚው አንድም ጥይት ሳይተኩስ ቡድኑን ሊያሸንፍ ይችላል፤ ጨዋታውም ይህን ቆጥሮ ነጥብ ይሰጠዋል።

ልጆቹን የሚያጣላው አንዱ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። «ግዳዬን ቀማኝ!» ይላሉ። አንዱ ደክሞ ያቆሰለውን ታንክ ሌላው በመጨረሻዋ ጥይት ሲጨርስበት ማለት ነው። ግዳይ መጣል በአባቶቻችንም ዘመን ብዙ ያጨቃጨቀ ጉዳይ ነበርና ስሜቱ አይገርምም። ይሁን እንጂ በወርልድ ኦፍ ታንክስ ትልቁ ነጥብ የሚገኘው ካደረሱት ጉዳት ነው፤ የመጨረሻዋ ጥይት የምትጨምረው ጥቂት ነው። የቆሰለ ታንክ እስካልወደመ ድረስ ደግሞ መተኮሱን ይቀጥላል። ቶሎ የጨረሰው ልጅ የጓደኛውን ክብር አልወሰደም፤ ምናልባትም ነፍሱን አትርፎለታል።

የጦርነት አምሳያ በሆነ ጨዋታ ውስጥ ጨዋነት ለእኛ አዲስ አይደለም። ጉግስ እኮ ይኸው ነው። ሁለት ወገን ፈረሰኞች ይሰለፋሉ፤ አንዱ ያባርራል፣ ሌላው ይሸሻል፤ አባራሪው ዘንግ ይወረውራል፣ ሸሺው በጋሻው ይመክታል። በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል እንጅባራ ላይ የተመለከተ ሰው የጦርነት ጥበብ እንዴት ወደ በዓል እንደሚለወጥ አይቷል። በገና ጨዋታም ጌታ የተባለ እንደማይቆጣ ሁላችንም ሰምተናል፤ በዚያ ቀን ሎሌው ጌታውን ቢያሸንፈው ቂም የለም። ጨዋታን ከጠብ የሚለየው ይህ ስምምነት ነው። ስምምነቱ ከፈረሰ ዘንጉም ዱላ ይሆናል።

የታንኩ ጨዋታም የራሱ ያልተጻፉ ሕጎች አሉት። ባልደረባህ ተኩሶ ወደ ኋላ ሲመለስ መንገዱን አትዝጋበት። ከመከለያው ገፍተህ አታውጣው። ከጀርባው ተለጥፈህ አትቁም። ብትገጨው «ይቅርታ» በል፤ ቢረዳህ «አመሰግናለሁ» በል። በአንድ ንክኪ የሚላኩ የተዘጋጁ መልእክቶች ስላሉ ቋንቋ አለመቻል ምክንያት አይሆንም። በዋር ተንደር ደግሞ የተበላሸበትን ባልደረባ ጠጋ ብሎ በጥገናው ማገዝ፣ የተያዘውንም በገመድ መጎተት ይቻላል። በክረምት በቡና መንገድ ላይ ጭቃ የያዘው አይሱዙ ሲያጋጥም አልፎ የሚሄድ ሾፌር ምን እንደሚባል የሸቤ ልጅ ያውቃል። እዚያም ያው ነው።

የራስን ወገን መምታትም አለ። በኮምፒውተሩ ወርልድ ኦፍ ታንክስ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ባልደረባን የመታ ጥይት ጉዳት እንዳያደርስ ተደርጓል። በዋር ተንደር እውነተኛውን በሚመስሉት የውጊያ ዓይነቶች ግን የወገን ጥይት ይጎዳል፤ ተኳሹንም ያስቀጣል። ስለዚህ ከመተኮስ በፊት ማንነትን ማጣራት የጨዋታው አንድ ትምህርት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጥሎ መሄድ ነው። ሸቤ ውስጥ የማውቃቸው ሁለት ጓደኛማቾች በዚህ ምክንያት ስድስት ቀን ተኳርፈው ነበር። በየቤታቸው ሆነው ሁለት ሁለት እየሆኑ በሚሰለፉበት የብሊትዝ ጨዋታ አብረው ገቡ። ውጊያው በተጋጋለበት ሰዓት የአንደኛው ታንክ ደርቆ ቀረ። ጓደኛው ቢጠራው መልስ የለም፤ ብቻውን ቀርቶ ተሸነፈ። በማግስቱ ትምህርት ቤት «ከሃዲ» አለው። ያኛውም ተናዶ ምክንያቱን ሳይናገር ዝም አለ።

ምክንያቱ ዝናብ ነበር። ቡናው በአልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ድንገት ሰማዩ ጠቆረ፤ እናቱ «ቡናው! ቡናው!» ብላ ጮኸች። ልጁ ስልኩን ጥሎ ሸራውን ይዞ ሮጠ። ደግ አደረገ። የዓመት ልፋት ዝናብ ሊመታው ሲል ስልክ ላይ የሚያፈጥ ልጅ ማንም አይፈልግም። የጎደለችው አንዲት ቃል ናት፤ በዚያ ጥድፊያ ባትመች እንኳ ሸራው ከተሸፈነ በኋላ «ቡና ላይ ዝናብ መጥቶብን ነው» ብሎ መላክ ይቻል ነበር። ጓደኛውም «ከሃዲ» ከማለቱ በፊት «ምን አጋጠመህ?» ማለት ነበረበት። የሁለቱ ጠብ ያበቃውም ይህ ጥያቄ ዘግይቶ በተጠየቀ ዕለት ነው።

ሒሳቡን ወላጅ ቢያውቀው ይጠቅመዋል። ከሰባት ሰው አንዱ ሲጎድል የቡድኑ አንድ ሰባተኛ ጎደለ ማለት ነው። ደጋግሞ ጥሎ የሚወጣን ጨዋታው ራሱ ይቀጣዋል። መብራት በሚጠፋበትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ምሽት፣ ያንን እያወቁ ከጓደኛ ጋር ተጣምሮ መግባትም ጨዋነት አይደለም። «ዛሬ ኔትወርኩ አያስተማምንም» ብሎ አስቀድሞ መናገር ነው።

ስለ ስድብም ሳናነሳ አናልፍም። በእነዚህ ጨዋታዎች ታንኩ ቀድሞ የወደመበት ሰው በሕይወት ያሉትን ሲመለከት ይቆያል፤ አንዳንዱም ቁጭ ብሎ ይሳደባል። በአማርኛ ሙት ወቃሽ የሚባለው የሞተን የሚወቅስ ነው፤ እዚህ ግን ወቃሹ ራሱ ሙቱ ነው። ልጆቻችን የእንግሊዝኛውን ስድብ ትርጉሙን እንኳ ሳያውቁ ይለምዱታል። የአገር ልጅ ሲያጋጥማቸው ደግሞ የከፋው ይመጣል፤ በብሔርና በሃይማኖት መሰዳደብ። በጅማና በዙሪያዋ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ከፋውና ዳውሮው በአንድ ጀበና ዙሪያ ይቀመጣል። በቀን ጎረቤቱን «እንዴት ዋሉ» ብሎ የሚያከብር ልጅ ማታ ስሙን በደበቀበት ቦታ የጎረቤቱን ወገን የሚሰድብ ከሆነ፣ አደቡ ለይሉኝታ ብቻ ነበር ማለት ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ በጽሑፍ የወጣ ደግሞ በፎቶ ተነስቶ ይቀመጣል። ተሳዳቢ ሲያጋጥም መፍትሔው መልስ መስጠት አይደለም፤ ድምፁን መዝጋትና ለጨዋታው አስተዳደር ማመልከት ነው። ሁለቱም በጨዋታው ውስጥ በአዝራር የተዘጋጁ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ በቀስታ እንናገር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የነበረውን ጦርነት በዓይናቸው ያዩ ልጆች ዛሬ በብዙ ከተሞች፣ በብዙ ክፍሎች ውስጥ ተቀምጠዋል። ለእነሱ የታንክ ድምፅ የስልክ ድምፅ አይደለም። ስለዚህ ድምፁን በማዳመጫ መስማት፣ «አፈነዳሁት!» እያሉ በሰው ፊት አለመጮህ፣ መጫወት የማይፈልገውን ጓደኛ «ፈሪ» አለማለት የዚህ ጨዋታ የመጀመሪያ ጨዋነት ነው።

እኛ ወላጆችስ? ልጁ ለማያያቸው ሰዎች ቃሉን እንዲጠብቅ ከፈለግን፣ ቃሉን የሚጠብቅበት ቦታ ልንሰጠው ይገባል። ዝናብ ቡና ላይ ከመጣ፣ ሰው ከታመመ፣ እንግዳ በር ላይ ከቆመ ስልኩ ወዲያው ይቀመጥ፤ ለዚህ ድርድር የለም። ሽንኩርት ከሱቅ ለማምጣት ግን ሰባት ደቂቃ መታገሥ ይቻላል። «አሁኑኑ ዝጋው!» ከማለት «ይቺ ውጊያ ስታልቅ ና» ማለት ይሻላል። ጊዜው የታወቀ ስለሆነ ልጁ ሊያታልል አይችልም፤ ብሊትዝ ከሆነ 7 ደቂቃ፣ የኮምፒውተሩ ከሆነ 15። ውጊያው አልቆ ሌላ ከጀመረ ግን ስምምነቱን ያፈረሰው እሱ ነው፤ የነገው ጨዋታ ይቀራል። ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ በንዴት ሰዓት የወጣ ሕግ አይጸናም።

የስልክ ቁጥሩን፣ የትምህርት ቤቱን ስምና ፎቶውን በጨዋታ ላገኘው ሰው እንዳይሰጥም ንገሩት። አብሮ መሰለፍ መተዋወቅ አይደለም። ደቦ የመጣ ሰው ሁሉ ጓዳ አይገባም።

በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት አጠገቡ ተቀመጡና አንድ ውጊያ እስከ መጨረሻው ተመልከቱ። ከሰባት ደቂቃ አይበልጥባችሁም። ሲጨርስ አሸነፈ ወይ ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ማን እንዳገዘው፣ እሱስ ማንን እንዳገዘ ጠይቁት። መልሱን ለመስጠት ትንሽ ካሰበ፣ ወሬው ተጀምሯል ማለት ነው። ሦስተኛውን በረካ አብሮ ይጠጣው።