የመንዟ እናት በሥዕላችን ውስጥ የት አለች?

ሠዓሊዎቻችን እናትን መሣል ይወዳሉ። ግን ማንን ነው የሚሥሉት? ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ሹሩባዋን ተሠርታ፣ እንስራ ተሸክማ ፈገግ የምትል ሴት! ይህችን ሴት በየኤግዚቢሽኑ አይቻታለሁ፤ በተወለድሁበት በመንዝ ግን አላየኋትም። የኔ እናት ውሃ የምትቀዳው በ20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ነው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ኩበት ታነዳለች፤ ከጭሱ የተነሣ ዓይኗ ሲያለቅስ ይውላል። ማታ ለባና የሚሆነውን የበግ ጠጉር ስትፈትል፣ እንዝርቱን እንደ ያዘች እንቅልፍ ይጥላታል። ይህን ማን ሣለው?

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ የጎረቤታችን የአንኮበር ልጅ ነበሩ፤ በ1925 ዓ.ም. ተወልደው በ2004 ዓ.ም. አረፉ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ባለው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕላቸው፣ ከሦስቱ ክፍሎች በአንዱ ችቦ የያዘ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ከፊት ቆሞ ይታያል። ከሥዕሎቻቸውም አንዱ «እናት ኢትዮጵያ» ይባላል። ሥራቸው ታላቅ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ቤተሰቡ የአህጉር ምልክት፣ እናቲቱም የአገር ምልክት ሆኑ። አገር ሆና የተሣለች ሴት አትራብም፤ ወገቧንም አያማትም። አገርን እናት ማለት መልካም ነው፤ እናትን አገር ብሎ መርሳት ግን በደል ነው።

ልማዱ ከሩቅ የመጣ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን ተቀምጠው ሲገዙ፣ የእመቤታችን ሥዕል እንዲከበር አድርገዋል፤ በዘመናቸው የነበረው ፍሬ ጽዮንም ልጇን ያቀፈች እመቤታችንን ሥሏል። ያ ለጸሎት ነው፤ በቦታውም ቅዱስ ነው። «ዘመናዊ ነኝ» የሚለው ሠዓሊ ግን፣ የሥጋ እናቶችን ድካም እንደሌለባቸው አድርጎ የሚሥለው ስለ ምንድን ነው?

«ኪነ ጥበብ ፎቶግራፍ አይደለም» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው። ጀርመናዊቷ ኬቴ ኮልቪትስም ፎቶግራፍ አንሺ አልነበረችም። ልጇ በ1914 እ.ኤ.አ. በጦር ሜዳ ሞተባት፤ «የጀርመን ሕፃናት ይራባሉ» የሚለውን ሥዕል ስታወጣ፣ ባዶ ሳሕናቸውን ወደ ላይ የዘረጉ ልጆችን ሣለች እንጂ «እናት ጀርመንን» አልሣለችም። በእኛም አገር ረሃብን የሣሉ አሉ። ታዲያ እናቶቻችን በሠዓሊ ዓይን እስኪገቡ ድረስ መራብ አለባቸውን?

ሥነ ጥበብ የምታጠኑ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ለበዓል ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼና ወደ መርሐ ቤቴ የምንሄድ ብዙ ነን። ወረቀትና ከሰል ይዛችሁ አብራችሁን ኑ። ከምድጃው አጠገብ ተቀመጡ፤ ጭሱ የእናንተንም ዓይን ያቃጥል፤ ከዚያ በኋላ ሣሉ። ሥዕሉንም ለዳኞች ከማሳየታችሁ በፊት ለእናቴ አሳዩአት። «ይህች ደግሞ ማን ናት?» ብላ ከጠየቀቻችሁ፣ እንደ ገና ሣሉ።