በውኃ ላይ መንገድ ስለ መለቃቀቅ

ዛሬ ላነጋግራችሁ የወደድሁት ስለ ውኃ መንገድ ነው። ከመካነ ሰላምና ከቦረና ደጋ የሆነ አንባቢ «የጀልባ ነገር እኛን የደጋ ሰዎችን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያገባን እኛን ነው። በሐይቅ አጠገብ ተወልዶ ያደገ ልጅ የውኃን ጠባይ ከአባቱ ይማራል፤ የእኛ ልጅ ግን ዐባይን የሚያውቀው ከገደል አፋፍ ቆሞ ቁልቁል በመመልከት ነው። በዕረፍት ጊዜ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ላንጋኖ በወሰድነው ጊዜ፤ መዋኘት ሳይማር በሞተር መጋለብ ያምረዋል። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለውም ስለዚህ ነው።

በዚህ ዘመን ጄት ስኪ የሚባል መሣሪያ በብዙ አገር ተሰራጭቷል። ይህም እንደ ሞተር ብስክሌት ተቀምጠውበት በውኃ ላይ የሚነዱት ትንሽ ጀልባ ነው። በ1960ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ክሌይተን ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ አስቦት፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካዋሳኪ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ለገበያ አቀረበው። መሣሪያው ራሱ ክፉ አይደለም፤ በብዙ አገር ነፍስ አድን ሠራተኞች ሊሰጥም የደረሰውን ሰው ፈጥነው የሚያወጡት በእርሱ ነው። ክፉ የሚሆነው ልጓም እንደሌለው ፈረስ ያለ ሥርዓት ሲጋልቡት ነው።

የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት ወደ ጣና እንመልከት። በቦረና በስተ ምዕራብ በጥልቁ ገደል የሚያልፈው ዐባይ የሚወጣው ከዚያ ሐይቅ ነው። በጣና ላይ ከጥንት ጀምሮ ከደንገል ተጎንጉኖ የሚሠራ ታንኳ አለ። ደንገል ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፤ ታንኳው ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ በሌላ መለወጥ ግድ ይሆናል። ቀዛፊውም ከውኃው ፊት ብዙ ከፍ ሳይል ተቀምጦ፤ ዓሣውን ወይም እንጨቱን ጭኖ፤ በክንዱ ኀይል ብቻ ይሄዳል። በዚያው ሐይቅ ላይ ጎብኚዎችን ወደ ደሴት ገዳማት የሚያመላልሱ የሞተር ጀልባዎች ይመላለሳሉ። እንግዲህ አንዱ ውኃ ለአንዱ የእንጀራው እርሻ፤ ለሌላው የጨዋታው ሜዳ ሆኗል ማለት ነው።

በየብስ መንገድ የሚሮጥ መኪና ካለፈ በኋላ የሚቀረው አቧራ ነው። በውኃ ላይ የሚሮጥ ሞተር ግን ካለፈ በኋላ ማዕበሉን ትቶ ይሄዳል። ጋላቢው ወደ ፊት ስለሚመለከት በስተ ኋላው የሆነውን አያይም፤ ማዕበሉ ግን ጕዞውን ሳያቋርጥ ደርሶ ዝቅተኛውን ታንኳ ይመታዋል። ስለዚህ «እኔ አልነካሁትም» ማለት በውኃ ላይ በቂ መልስ አይሆንም። ሰው ሳይነካ ሰውን መገልበጥ የሚቻልበት መንገድ ቢኖር ይህ ነው።

ሁለተኛም ብዙ ሰው የማያውቀው የመሣሪያው ጠባይ አለ። ጄት ስኪ እንደ ሌላው ጀልባ በውኃ ውስጥ የሚዘወር መሪ ሰሌዳ የለውም፤ ውኃውን ከሥሩ እየሳበ ወደ ኋላ በኀይል ይተፋል፤ የሚዞረውም የሚተፋው ውኃ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲመለስ ነው። ከዚህም የተነሣ፤ በድንገት ጀልባ ከፊቱ የታየው ጀማሪ ደንግጦ የኀይል መስጫውን የለቀቀ እንደ ሆነ፤ መሣሪያው በሩጫው ሳለ መታዘዙን ይተዋል። እጀታውን ቢያዞርም ወደ ፊት ይሄዳል። በአንዳንድ አዲስ ሥሪት ይህን ጕድለት የሚያቃልል ብልሃት ተጨምሮበታል፤ ነገር ግን በእርሱ ተማምኖ ወደ ሰው መቅረብ ሞኝነት ነው። ስለዚህ አደጋ የሚቀረው አስቀድሞ በመራቅ እንጂ በመጨረሻው ሰዓት በመጠምዘዝ አይደለም።

የባሕርን መርከቦች ከግጭት ለመጠበቅ መንግሥታት በ1972 በፈረንጅ አቆጣጠር በአንድነት የተስማሙበት ደንብ አለ። በዚህ ደንብ ሁለት ባለ ሞተሮች ፊት ለፊት ሲገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኛቸው ይመለሳሉ፤ ቀድሞ ሊያልፍ የሚወድ ከሚቀድመው ይርቃል፤ ባለ ሞተሩም መረብ ዘርግቶ ዓሣ ለሚያጠምደውና በሸራ ለሚሄደው መንገድ ይለቃል። በኒውዚላንድ ደግሞ ከሌላ ጀልባ ወይም ከሚዋኝ ሰው በ50 ሜትር ውስጥ፤ ከዳርም በ200 ሜትር ውስጥ፤ ማንም በሰዓት ከ9 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከሚበልጥ ፍጥነት በላይ እንዳይሄድ ተከልክሏል። ይህም የሰጋር በቅሎ ያህል ነው። 15 ዓመት ያልሞላው ልጅም፤ በዕድሜ የሚበልጠው ሰው በአጠገቡ ሳይኖር ፈጣን የሞተር ጀልባ አይነዳም።

እኔ በፍርድ ቤት ጽሕፈት የምሠራ ሰው እንደ መሆኔ፤ ወላጆች አንድ ነገር ልብ እንዲሉልኝ እወዳለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2081 የመሣሪያ ባለቤት መሣሪያው ላደረሰው ጕዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ባለቤቱ አይድንም። በቁጥር 2124 ደግሞ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ላጠፋው አባት ይጠየቃል። ሰው የሞተ እንደ ሆነም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት የገደለውን ይቀጣል። ይህ አሳብ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ተዋጊነቱ የታወቀውን በሬ ያልጠበቀ ባለቤት በበሬው ጥፋት እንደሚጠየቅ ተጽፏል። በሬው በሞተር ቢለወጥ ፍርዱ ያው ነው።

እንግዲህ ልጁን ወደ ሐይቅ የሚወስድ አባት፤ እናትም፤ ይህን ይጠብቁ። አስቀድሞ መዋኘት ይማር። በውኃ ላይ ሲወጣ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይልበስ፤ ጋላቢው ሲወድቅ ሞተሩን የምታጠፋዪቱን ገመድ ከእጁ ይሠር። ታንኳ ወይም የሚዋኝ ሰው ባየ ጊዜ ገና በሩቅ ሳለ ፍጥነቱን ያብርድ፤ አጠገቡ ደርሶ ድንገት ቢያቆም የራሱ ማዕበል ይቀድመዋልና። ሰውን ለማስደንገጥ ወይም ውኃ ለመርጨት ወደ ማንም አይጠጋ። መጠጥ የቀመሰ ሰው ከቶ እጀታውን አይያዝ። ቀዛፊውም በበኩሉ በማታ ያለ መብራት አይሂድ፤ መለቃቀቅ የሁለት ወገን ነውና። ነገር ግን ዕዳው የሚከብደው በፈጣኑ ላይ ነው፤ ደካማው ለመሸሽ ጊዜ የለውምና።

ለክቡራን ባለ ሥልጣኖችም የማቀርበው አሳብ አለኝ። በአገራችን ሰው ሠራሽ ሐይቆች እየበዙ ናቸው፤ የተከዜና የግልገል ጊቤ ሦስተኛው ግድብ ውኃ ሳይቆጠር፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዐባይ ግድብ ያቆረው የንጋት ሐይቅ ብቻ እጅግ ሰፊ ነው። ጀልባ የማያውቅ አገር ሁሉ የውኃ ጎረቤት እየሆነ ነው። ስለዚህ በየሐይቁ የመጫወቻው ስፍራ ከዓሣ ማጥመጃውና ከመሻገሪያው ተለይቶ በምልክት ቢከለል፤ የፍጥነቱም ልክ ቢወሰን፤ ደንቡ ሬሳ ከተነሣ በኋላ ከሚጻፍ ዛሬ ቢጻፍ ይሻላል።

ወደ ዐባይ በሚወርደው ጠባብ መንገድ በበቅሎ የተቀመጠ አስተዋይ ሰው፤ ጌታም ቢሆን፤ ወደ ተራራው ጥግ ተጠግቶ የተጫነችውን አህያ ያሳልፋል። ይህን በማድረጉ ክብሩ አይቀነስም፤ ይጨመራል እንጂ። ልጆቻችን ይህን ጨዋነት በየብስ ከእኛ ተምረዋል፤ በውኃ ላይም እንዳይረሱት ማስተማር የእኛ ፈንታ ነው።