ከሁለት ዶላሩ ጠረጴዛ ማን አባረረን?

ባሕር ማዶ የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን፤ ማታ ማታ በኢንተርኔት ፖከር እንጫወታለን። ከመካከላችን አንዱ 40 ዶላር አስገብቶ፣ መቀመጫው 2 ዶላር ከሆነው ጠረጴዛ (ብላይንዱ 1 እና 2 ሳንቲም መሆኑ ነው) ጀምሮ በወራት ልፋት 200 ዶላር አደረሳት። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ማታ «እዚህ ያሉት ጨዋታ ስለማይገባቸው ነው የምሸነፈው፤ ከሚችሉት ጋር ልቀመጥ» ብሎ 100 ዶላሩ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። እኩለ ሌሊት ሳይሆን ባዶውን ቀረ። እሑድ ጠዋት ደግሞ ከቤት ኪራዩ ቀንሶ መልሶ አስገባ። ይህን ያስጻፈን የቅዳሜው 200 ዶላር ሳይሆን ይቺ የእሑዷ ነገር ናት።

እስቲ እንነጋገር። ጨዋታ በማይገባው ሰው የሚሸነፍ፣ በሚገባው ሰው እንዴት ያሸንፋል? ታች ያሉት ተጫዋቾች ካርታ መጣል አይወዱም። ስለዚህ እነሱን በብላፍ ማስፈራራት ከንቱ ድካም ነው፤ ጥሩ ካርታ ሲመጣ ከበድ አድርጎ ማስያዝ ግን ያዋጣል። ላይኛው ጠረጴዛ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሰዎቹ ይጥላሉ፤ ያስያዝነው ላይ ጨምረው ይመልሱልናል፤ ማን መጨረሻ እንደሚወስን አስልተው ይቀመጣሉ። ታች ሳንማር የተሸከምነው ጥፋት ሁሉ እዚያ በውድ ዋጋ ይሸጣል።

«ሰሞኑን እያሸነፍኩ ነው» ማለትም ማስረጃ አይሆንም። በ100 እጅ በአማካይ 5 ትልቅ ብላይንድ የሚያተርፍ ጎበዝ እንኳ፣ በተለመደው የጨዋታው መዋዠቅ፣ ከ10,000 እጅ በኋላ ከ10 ጊዜ 3ቱን ያህል ከስሮ ሊገኝ ይችላል። እንግዲህ የአንድ ሳምንት ድል ምን ይነግረናል?

ሁላችንም እ.ኤ.አ. በ2003 ከ100 ዶላር ባነሰ የኢንተርኔት መግቢያ ተነስቶ የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈውንና 2.5 ሚሊዮን ዶላር የወሰደውን የሒሳብ ሠራተኛ፣ ክሪስ መኒሜከርን እናውቃለን። እኛን የሚጠቅመን ግን የክሪስ ፈርጉሰን ታሪክ ነው። የ2000 ሻምፒዮኑ ፈርጉሰን ከዜሮ ተነስቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 10,000 ዶላር ደረሰ። በተራ ጠረጴዛ ላይ ካለው ገንዘብ ከ5 በመቶ በላይ ይዞ አይቀመጥም ነበር። (ከዳይሬክተሮቹ አንዱ የነበረበት ድርጅት በ2011 የተጫዋቾችን ገንዘብ መመለስ ቢያቅተውም ሕጉ ሕግ ነው።) በዚህ ስሌት 200 ዶላር ያለው ሰው ቦታው 10 ዶላሩ ጠረጴዛ ነው። ገንዘቡ ሲቀንስስ? ይወርዳል!

ችግራችን እዚህ ላይ ነው። መውረድን እንደ ውርደት እንቆጥረዋለን። «ስንት ላይ ትጫወታለህ?» ስንባባል ዝቅ ያለውን ቁጥር ለመጥራት እናፍራለን። ወዳጃችንን ያከሰረው ካርታው አይደለም፤ ይሄ የእኛ ጥያቄ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን የሚለቅመውን ከኪራዩ አመጣ።

አሁን ደንብ አውጥተናል። የጨዋታው ገንዘብ ለብቻው ይቀመጣል፤ ካለቀም አለቀ። እያንዳንዱ ምሽት በደብተር ይጻፋል፤ የተሸነፍንበትም ጭምር። «ስንት ላይ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ቀርቶ «ዛሬ የትኛውን እጅ አበላሸህ?» እንባባላለን። የኪራዩን ጉድለት አዋጥተን ሞልተናል። ወዳጃችንም 2 ዶላሩ ጠረጴዛ ላይ ተመልሷል። መጀመሪያ አካባቢ ስክሪኑን ከእኛ ይደብቅ ነበር፤ አሁን ግን ራሱ ጠርቶ ያሳየናል።